መቶ አርባ መስኮት

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ጋሽ ህሩይ ዛሬ ሳጥኑን አወረዱት። ከመደርደሪያው ጫፍ፣ ከአሮጌ ሬዲዮኖቹ በላይ ያለውን። ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል መጠገን መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሲነኩት አላየሁም። አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉና "ሳጂዳ፣ እስኪ በሩን ገርበብ አድርጊው" አሉኝ፤ ምስጢር የሚነግሩኝ ይመስል።

የጠፈር መንኮራኩር ነው። ያለቀለት አይደለም። ነጭ የፕላስቲክ ክፈፎች ናቸው፤ በየክፈፉ ላይ ትንንሽ ቁርጥራጮች እንደ ቅጠል ተንጠልጥለዋል። ተቆርጠው፣ ተሞርደው፣ ተጣብቀው ነው መንኮራኩር የሚሆኑት። ሲያልቅ ክንዴን ያህላል። ወጣት ሳሉ ለሥልጠና ጃፓን በተላኩ ጊዜ ነው የገዙት።

"ልጆቼ ሲያድጉ አብረን እንሠራዋለን አልኩ። አደጉና ሄዱ። ጡረታ ስወጣ አልኩ። ወጣሁ" ብለው ሳቁ።

አሁን ዓይናቸው እየሄደ ነው። ግላኮማ ነው ብሏቸዋል ሐኪሙ፤ የጠፋው አይመለስም። በግራው ምንም አያዩም። በቀኙ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ቀርታለች። ግን ጨለማ ውስጥ ያለ ብርሃን አሁንም ደህና ይታያቸዋል። "ስለዚህ መብራት ይግባላት። መስኮቶቿ በሙሉ ይብሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ብትጨርሺልኝ አያታለሁ። ከዚያ በኋላ እንጃ።"

እሺ አልኩ። እኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምለው።

ይህ የሱቁ ደብተር ነው፤ ግማሹ ባዶ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከወደቅሁ ወዲህ ብዙ ጽፌ አላውቅም።

ሐምሌ 5

መመሪያው በጃፓንኛ ነው፤ ስዕል ግን አለው። ስዕሉን እኔ አይቼ እነግራቸዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እሳቸው ይነግሩኛል። እንዲህ አድርገን እስከ ቁጥር 22 ደረስን። ምላጩ ጣቴን ቆረጠኝ።

ማታ ሰርካ ጣቴን አየችው። ሰርካ የአክስቴ የዙህራ ሠራተኛ ናት። ከመቻራ ገጠር ነው የመጣችው፤ እኩያዬ ነች፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። "ምን ቆረጠሽ?" አለች።

"ፕላስቲክ።"

"ፕላስቲክ ጥርስ አወጣ እንዴ?"

አማርኛዋ ገና ነው፤ ቀልዷ ግን ደርሷል። ሳቅንና አክስቴ ከሳሎን "ዝም በሉ" አለችን። ለነገ እንግዳ ስላለባት ሰርካ ገና ቡፌውን መወልወል ነበረባት። ቡፌው ላይ ለአክስቴ ሠርግ ከድሬዳዋ የመጣ የጌጥ መብራት አለ፤ እንደ ሣር የተበተነ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ብቻ የሚበራ። ሰርካ እሱን ስታጸዳ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔ ደግሞ እሷን ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

እናትና አባቴ በደሳ ከተማ ናቸው። አክስቴ ጭሮ ያመጣችኝ ልታስተምረኝ ነበር። ስወድቅ አልመለሰችኝም። ይህን አልረሳላትም።

ሐምሌ 10

ከተበላሸ የሶላር መብራት ሁለት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ነቅዬ ሆዷ ውስጥ ገጠምኩ። በአሮጌ የስልክ ባትሪ አበራኋት። መስኮት የላት፣ ምን የላት፤ መላ አካሏ እንደ ፋኖስ በራ። አፈርኩ። ጋሽ ህሩይ ግን ደስ አላቸው፤ ስለታያቸው ነው።

"ፕላስቲክ ብርሃን ያሾልካል። ውስጧን መጀመሪያ ጥቁር ቀቢ፣ በላዩ ላይ ብርማ። ጥቁሩ ይከለክላል፣ ብርማው ያንጸባርቃል። በመስኮት ብቻ ነው እንዲወጣ የምንፈልገው።"

ጥቁሩን ከጎረቤት የብረት በር ሠሪዎች እንድለምን ላኩኝ። አራት ወንዶች ነበሩ። በራቸው ላይ ቆሜ፣ ቆሜ፣ ተመለስኩ። ጋሽ ህሩይን "የሉም" አልኳቸው። የብየዳው ድምፅ እስከ እኛ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ሄድኩ፤ አንዱ ራሱ አይቶኝ "ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለኝ። በጠርሙስ ክዳን ሰጠኝ። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ በጣቴ ነው ያሳየሁት።

ሐምሌ 15

መቶ አርባ መስኮት። በስዕሉ ላይ ቆጠርኩ። አንዱ ከጎመን ዘር አይበልጥም። በቀጭኗ መሰርሰሪያ፣ በእጄ እያሽከረከርኩ በሳሁ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ኤልኢዲ በዚህ ቀዳዳ አይገባም። "ፋይበር ያስፈልጋል" አሉ ጋሽ ህሩይ። "ፀጉር የመሰለ ክር ነው። በአንዱ ጫፍ የገባ ብርሃን በሌላው ይወጣል።" ከድሬዳዋ እንዲያመጣላቸው ለአንድ ሾፌር ነግረው ነበር። መንገድ ተዘግቷል ተባለ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ጠዋት ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ቀዱት። ዓይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቆይተው "አንዳንድ ሰው ቤት ለጌጥ የሚቀመጥ አለ፤ ጫፍ ጫፉ የሚበራ። አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ሐምሌ 17

ሱቅ አልሄድኩም። ሆዴን አሞኛል ብያለሁ። አክስቴ ጨርቅ ሱቋ ሄዳለች። ሰርካ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነው። ዝናብ የለም።

ሐምሌ 18

ክር ተገኘ። ጋሽ ህሩይ በጣታቸው ዳሰሱት። "ይኸው ነው፣ ይኸው ነው። ከየት አመጣሽው?"

"የተጣለ ነው።"

"ጭሮም ፋይበር ይጣል ጀመር? ሠለጠንን ማለት ነው።"

ክሩን ከውስጥ በቀዳዳው አሳልፌ ከውጭ ትንሽ አስተርፈዋለሁ። ከዚያ የጋለውን የመበየጃ ካውያ ሳላስነካ አጠገቡ አመጣለሁ። ጫፉ ይቀልጥና እንደ እንጉዳይ ራስ ያወጣል፤ ወደ ውስጥ ብስበው በቀዳዳው አያልፍም፣ ቁጭ ይላል። ዘጠኙን አበላሸሁ፣ አሥረኛው ተሳካ። ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ አወቀው። ሠላሳ አንድ መስኮት ገባ።

እንዲህ ስሠራ ምንም አላስብም። ደስ የሚለኝ ይኸ ነው። ትምህርት ቤት እንኳ መምህሩ ስሜን ሲጠራ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። እዚህ ማንም አይጠራኝም።

ሐምሌ 24

ተጨማሪ ክር አስፈለገ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከኋላ በኩል ነው፤ ወደ ግድግዳው የዞረው አይታይም።

ዘጠና ስድስት።

ሐምሌ 26

አሁንም ትንሽ። ይበቃል። ሞላ።

ሐምሌ 29

ሁለቱን የሆዷን ግማሾች ገጠምን። ሁሉንም ክር ከጅራቷ በኩል በአንድ ላይ ጠቅልዬ ከኤልኢዲው ራስ ላይ አሰርኩት። ካሁን በኋላ ሳትሰበር አትከፈትም። ጋሽ ህሩይ "ቢስሚላህ በይበት" አሉኝ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ለእኔ ብለው ነው። አፌን አልከፈትኩም። በልቤ ያልኩ መሰላቸው።

ውጭዋን ግራጫ ቀባሁ። ነጭ ከጥቁር ቀላቅዬ። ዝናቡ አላደርቅ አለኝ፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ሱቅ ገብቷል።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

የአክስቴ ባል እህት ከልጆቿ ጋር መጣች። መብራት ነበረ። አክስቴ የጌጥ መብራቱን አበራች። እንግዳዋ "ይህማ የእኔም አለኝ፣ ይዞራል እኮ" ብላ በእጇ አዞረችው።

ኋላው ራሰ በራ ነው።

ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 4

አክስቴ በመጀመሪያ ሰርካን ጠራች። ስታጸዳው የከረመችው እሷ ናት፤ ሌላ ማን ይነካዋል አለች። ሰርካ "ወላሂ አልነካሁም እትዬ ዙህራ" አለች።

"መሐላ ለእናንተ ቀላል ነው። ምን አደረግሽው? ለማን ሰጠሽው?"

"ወላሂ።"

ከዚያ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ አይተሻታል?"

"አላየሁም" አልኩ።

እውነት ነው እኮ። ሰርካ ስትቆርጥ አላየሁም። ውሸት አልተናገርኩም። ይህን አሥር ጊዜ ለራሴ ብያለሁ። "አንቺን ምን ላስምልሽ፣ የወንድሜ ልጅ ነሽ" አለች አክስቴ። ቢያስምሉኝ ኖሮ እናገር ነበር። ይመስለኛል።

ደላላው ፋሩቅ ተጠራ። የሰርካ ተያዥ አጎቷ ሐሰን ነው፤ ጫት መጫኛው ላይ ይሠራል። እሱም መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ "ሌባ አመጣሁባችሁ" አለ። ለአክስቴ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር።

ሰርካ ክፍላችን ገብታ ልብሷን አሰረች። ያላት ሁለት ቀሚስ ነው። ለማሰር ግን ብዙ ቆየች። አክስቴ "ፍጠኚ" እያለች ሁለት ጊዜ ጮኸችባት። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣቴን አየሁ፤ ምላጩ የቆረጠኝ ቦታ ጠባሳ አለ።

ነሐሴ 5

ሰርካ የለችም። ሽንኩርት እኔ ከተፍኩ። ውሃ እኔ ቀዳሁ። 

ነሐሴ 7

ሂርና ከተማ ነች ይላሉ። መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት፣ ሳህን አጣቢ። ጭሮ ውስጥ የሚቀጥራት አልተገኘም። ፋሩቅ ስሟን ለሌሎቹ ደላሎች አስተላልፏል።

ቢያንስ ሥራ አላት።

እንዲህ ብዬ እንዴት ጻፍኩ? አልሰርዘውም። ይታይ።

ነሐሴ 12

ጋሽ ህሩይ አዲስ ነገር አስተማሩኝ። መንኮራኩሯ በጣም ንጹሕ ከሆነች ሐሰት ትመስላለች አሉ፤ ብዙ አገር የዞረች መሆን አለባት። ጥቁር ቀለም በላምባ አቅጥኜ በስፌቶቿ ላይ አፈሰስኩት። ቀለሙ ራሱ መንገዱን እየፈለገ በየስንጥቁ ሄደ። ደረቅ ሲል በጨርቅ ጠረግሁ፤ ላይ ላዩ ተነሣ፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለው ቀረ። በድንገት ብረት መሰለች። የጭስ መውጫዋን በከሰል ዱቄት አሻሸሁት። በጎኗ ያለውን ቀይ መስመር በጥፍር ቀለም አሰመርኩ።

ጋሽ ህሩይ ፊታቸውን አስጠግተው፣ ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ አዞሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያች ቀዳዳቸው ለማየት ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል። "አሰበ ተፈሪ እንዲህ ያለ እጅ አለ ብሎ ማን ያምናል?" አሉ። የከተማውን ስም እሳቸው እንደ ድሮው ነው የሚጠሩት።

ሲያመሰግኑኝ ከምሰማ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

በራች።

እኩለ ቀን ላይ የሱቁን የላሜራ በር ዘጋን። ስንጥቁን በጆንያ ወተፍኩ። ጋሽ ህሩይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፤ እንደ ተማሪ። ሽቦውን ከባትሪው አገናኘሁ።

መስኮቶቿ ብቻ በሩ። ሌላው ጨለማ ነው። ሱቁ ጠፋ፣ መደርደሪያው ጠፋ፤ በሩቅ የሚሄድ፣ ብዙ ሰው የተሳፈረበት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እኔም ለአፍታ ረሳሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ረሳሁ፤ ደስ አለኝ።

ጋሽ ህሩይ መቁጠር ጀመሩ። ሰማንያ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው፤ እንደገና ጀመሩ። "መቶ አርባ ናቸው?"

"መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። አንዱ አልበራም። ከኋላ በኩል።"

"ምንም አይደል። አንዱ ሰውዬ ተኝቷል።"

ብዙ ቆዩ። እንባቸውን አልጠረጉም፤ እያለቀሱ መሆናቸውን ያወቁም አልመሰለኝም። "እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው" አሉ።

ብርሃኑ እጄ ላይ ያርፍ ነበር። ወደ ኪሴ ከተትኩት።

ነሐሴ 22

አክስቴ ሱቅ መጣች። የጌጥ መብራቱን በፌስታል ይዛ። ይጠገን እንደሆነ።

እኔ ካውያ ይዤ ነበር። መንኮራኩሯ መደርደሪያው ላይ ጨርቅ ለብሳ ነበረች፤ አክስቴ ስለ እሷ ምንም አታውቅም። ጋሽ ህሩይ መብራቱን ተቀብለው በጣታቸው አዞሩት። ኋላው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጉቶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"በመቀስ ነው የተቆረጠው" አሉ።

"የዚያች ሌባ ሥራ ነው፣ ጋሽ ህሩይ። አባርሬያታለሁ። እኔን የሚገርመኝ ምን ያደርግላታል? አይበላ፣ አይሸጥ።"

ጋሽ ህሩይ ጉቶዎቹን ደግመው ዳሰሱ። "አይጠገንም፣ ወይዘሮ ዙህራ" አሉና መለሱላት።

ከሄደች በኋላ ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ያንን የኖኪያ ቻርጀር ስጪኝ" ብቻ አሉ። 

ነሐሴ 26

መንኮራኩሯ ካለፈው ረቡዕ ወዲህ አልበራችም። ከዚያ በፊት በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላሜራ ዘግተው ያበሯት ነበር።

ዛሬ ጨርቁን ገልጬ "ላብራልዎት?" አልኳቸው። አምስት ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ይህን ነበር።

"ተይው።"

"ዓይንዎ..."

"ዓይኔ ደህና ነው። አክስትሽ እዚህ በቆመችበት ሰዓት 'ልጅቱ አይደለችም' ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረ። ካልኩ መንኮራኩሯን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነኝ፣ ሳጂዳ።"

ስለ እኔ ምንም አላሉም። ስለ ራሳቸው ብቻ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ነሐሴ 29

ለአክስቴ ነገርኳት። ሒሳብ እንደማይገባው ተማሪ ከመሃል ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ "ምንድነው የምትይው?" አለችኝ። ከዚያ ገባት።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ ግን "ማን ያውቃል?" የሚል ነው።

"ጋሽ ህሩይ።"

"እሳቸው አይናገሩም። ዝም በይ እንግዲህ። አልፏል። ለፋሩቅ ነግሬ፣ ለጎረቤት ነግሬ፣ ሽማግሌው ሐሰን ደጄ ላይ ይቅርታ ጠይቆኝ፣ አሁን ተመልሼ ምን ልበል? ሰው ፊቴን እንዴት ያያል?"

"ሰርካ ግን..."

"ሰርካ ሥራ አላት።"

ልክ እኔ የጻፍኩትን አለች። ነሐሴ ሰባት ላይ የጻፍኩትን።

"ከአፍሽ ከወጣ በማግሥቱ በደሳ ነሽ" አለች። አልጮኸችም። እያለቀሰች ነበር። እሷም እንዳፈረች አየሁ። የሁለታችን ኀፍረት አንድ ዓይነት ነው።

ጳጉሜ 2፣ ቅዳሜ

ሂርና ሄድኩ። በሚኒባስ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል ድምፄ አልወጣም፤ ምግብ ቤቱን አልፈን ነው የወረድኩት። ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ።

ሰርካ ጓሮ ነበረች። ሁለት ትልልቅ ሳፋ፣ የሾፌሮች ሳህን። አይታኝ እጇን አላቆመችም።

"ምን ልትወስጂ መጣሽ?"

"ምንም። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

ሳህን አለቀለቀች።

"ልብስ ሳሰጣ በመስኮት አየሁሽ። መቀስ ይዘሽ። አክስትሽ ያዘዘችሽ መሰለኝ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ማን ያምነኛል? ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ልብሴን ቀስ ብዬ ነው ያሰርኩት።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ምንም አልተለወጠም። ይቅር በይኝ አልኳት። ለአክስቴም እንደነገርኳት ነገርኳት።

"ይቅርታሽን ምን ላድርገው? እዚህ ይታጠብበታል?" አለች። ከዚያ ቆመች። "አጎቴ ሰው እየሰማ ነው ሌባ ያለኝ። መቻራ ለአባቴም ደውሏል። ለእሱ ንገሪው። ለብቻው አይደለም። ሰው እየሰማ።"

ሰው እየሰማ። እሷ እኔን ታውቀኛለች። የሰፈሩን ባለሱቅ ዳቦ ለመጠየቅ እንኳ እሷን እልካት ነበር።

እሺ አልኩ።

ጳጉሜ 4

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

መስከረም 1

አልሄድኩም። ዝናብ አልነበረም።

መስከረም 2

እስከ ጫት መጫኛው በር ሄጄ ተመለስኩ። አክስቴ ለመውሊድ ዕቃ እያስገዛችኝ ነው፤ ሱቅ ሂጂ ሱቅ ሂጂ ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያት ይሆነኛል።

ሰርካ ያለችኝን ብነግራቸው ጋሽ ህሩይ ነገ አብሬሽ ልምጣ አሉ። በዚያ ጭቃ በዚያ ዓይን። እምቢ አልኳቸው። በሕይወቴ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ትናንት የሆነውን ዛሬ ነው የምጽፈው። 

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሚጫንበት ሰዓት ነው። አይሱዙው ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል፤ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ጫት እየተቀባበሉ ይጭናሉ፤ ውሃ ይረጩበታል፤ ይጯጯሃሉ። ሐሰን ከታች ሆኖ ይቆጥራል። ጢሙን ሂና ቀብቷል። አጠገቡ ደርሼ ቆምኩ። አንዱ ከላይ "ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ፣ ይወድቅብሻል" አለኝ። ዞር አልኩ። እንደገና ተጠጋሁ።

"አባባ ሐሰን። ሰርካ አልሰረቀችም። እኔ ነኝ።"

"ምን?"

ደገምኩት።

"አይሰማኝም። ሞተር ነው።" ቀና ብሎ ለሾፌሩ "አጥፋው እስኪ አቦ፣ ልጅቷ የምትለው አላት" አለው።

ሾፌሩ አጠፋው።  ሃያ ሰው እኔን ያያል።  "የአክስቴን የዙህራን መብራት የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰርካ አልነካችውም። እኔ ዝም ስላልኩ ነው የተባረረችው።"

"ለምን ቆረጥሽው?" አለ ሐሰን።

"ለመንኮራኩር መስኮት።"

"ለምን?"

"የጠፈር መንኮራኩር። ሰማይ ላይ የሚሄድ። ትንሽ ነው፣ ይህን የሚያህል።" ክንዴን አሳየሁ።

ከላይ ያለው "ሰማይ ላይ ጫት ይጭናል?" አለ። ሳቁ። ሌላው "መንገድ ሲዘጋ በእሱ ነው የምንልከው" አለ። ይበልጥ ሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። እንዲህ ጮክ ብሎ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም፤ በሆዴ ውስጥ ሌላ ነገር ይመስል ነበር። አንዲት ልጅ ለዚህ ነው የተባረረችው።

ሐሰን ብቻ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ። ስልኩን አወጣና ለደላላው ለፋሩቅ ደወለለት፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ አፌ ላይ ያዘልኝ። "ድገሚለት።" ደገምኩለት። ፋሩቅ "እንዴ፣ እንዴ" አለ፤ ለሌሎቹ ደላሎች እነግራለሁ አለ። ሐሰን "ዛሬውኑ" አለው። ከዚያ መቻራ ደወለ። አባትየው አማርኛ አይሰማም። በኦሮምኛ ነገርኩት። ሦስተኛው ላይ ድምፄ ተስተካከለ፤ ከድፍረት አይደለም፣ የሚደበቅ ስላልቀረ ነው።

ወንዶቹ ወደ ጭነታቸው ተመለሱ። ሐሰን አንድ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

"በጥፊ መትቻታለሁ" አለኝ። "ያን ቀን፣ መንገድ ላይ። ወላሂ አጎቴ እያለችኝ። የወንድሜን ልጅ።"



"አንቺ ለእኔ ነገርሽኝ። እኔ እሷን ምን እላታለሁ?"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው በሂርና በኩል ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ሐሰን ተነሥቶ የጋቢናውን በር ከፈተ። "ኮቱ፣ ነይ ውጪ" አለኝ። በሾፌሩና በእሱ መሃል ተቀመጥኩ። አክስቴ እንደምትጠብቀኝ፣ የመውሊድ ስኳር ልገዛ እንደተላክሁ ትዝ ያለኝ ከከተማ ከወጣን በኋላ ነው። ማታ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ አክስቴ ልብሴን በፌስታል አድርጋ በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ማክሰኞ በደሳ እሄዳለሁ። እሱ ይቆይ።

 መንገድ ላይ ሐሰን "ይበራል? ያ ነገር?" አለኝ። ይበራል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሂርና ስንደርስ ምግብ ቤቱ በሾፌሮች ተሞልቶ ነበር። ሐሰን እስከ በሩ መጣ። ጫማውን መሬት ላይ ጠረገ፣ ጭቃ አልነበረበትም። ጢሙን ዳሰሰ። አንድ እግሩን አስገብቶ መልሶ አወጣው። ሃምሳ ኪሎ የሚሸከም ሰው ነው።

እኔ ቀደምኩት። በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ ሰው እያየኝ፣ ወደ ጓሮ አለፍኩ። ሰርካ ሳፋው ላይ አጎንብሳለች። ቀና አለች። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ከእኔ ኋላ፣ በሩ ላይ የቆመውን አጎቷን። ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ አንዱን ጣት፣ ከዚያ ሌላውን።